ትንኝን በኬሚካል የማምከን ዘዴና የአዘዞ ወሰን

(ለማኅበሩ አባላት በአዘዞ የቀረበ ንግግር)



ከጎንደር ከተማ ወደ ደቡብ ሲወርዱ የምትገኘው አዘዞ ለመሐንዲስ ዓይን ልዩ ትርጉም ያላት ስፍራ ናት። አፄ ሱስንዮስ ገነተ ኢየሱስን ያሠሩባት ይህች ስፍራ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ አላት። ከኋላዋ የጎንደር ተራሮች ቆመዋል፤ ከፊቷ የደንቢያ ሜዳ እስከ ጣና ሐይቅ ድረስ ተዘርግቷል። የባሕር ዳሩ፣ የጎርጎራውና የመተማው መንገድ የሚለያዩት እዚህ ነው፤ አውሮፕላን ማረፊያውም እዚሁ ነው። ስለዚህ አዘዞ የደጋና የቆላ መገናኛ በር ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሰውና እህል በሚመላለስበት በዚህ በር ወባም ስትመላለስ ኖራለች።

ለዛሬው ንግግር የተመረጠው ጥያቄ ይህ ነው፦ የወባን ትንኝ በመግደል ፈንታ በኬሚካል አምክኖ ዘር ማሳጣት ይቻላልን? ቢቻልስ ለአዘዞና ለደንቢያ ምን ይፈይዳል? ጥያቄው ለሐኪምና ለነፍሳት ተመራማሪ ብቻ የሚተው አይደለም። በመሠረቱ የቁጥር፣ የወሰንና የውኃ ጉዳይ ስለሆነ መሐንዲሱንም ይመለከተዋል። በንግግሩ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሞ ማስታወቅ ይገባል።

የጉዳዩ ክብደት

በ1953 በደንቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 7,000 ያህል ሰው እንደ ፈጀ ይነገራል። በ1954 በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እንዲቋቋም ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይኸው እልቂት ነበር። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የሳኒቴሽን ባለሙያዎችን በአንድነት እያሠለጠነ ወደ ገጠር አሰማራ፤ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሚባለውም ከዚያው የበቀለ ነው።

ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ የባሰ መጣ። በ1958፣ ከሰኔ እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ፣ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባለው የአገሪቱ ሰፊ ክፍል ወባ ተዛመተች። በጊዜው በተደረገው ግምት 3 ሚሊዮን ሰው ታመመ፤ 150,000 ሰው ሞተ። በዚያ ዓመት ዝናቡ፣ ሙቀቱና የአየሩ እርጥበት ከወትሮው በልጦ ነበር። በሽታውን ያልለመደው የደገኛው አካል መከላከያ ስላልነበረው ሕፃንና ሽማግሌ፣ ጎልማሳና ወጣት ሳይለይ ወደቀ። አዘዞ በዚሁ የከፍታ መደብ ውስጥ መሆኗን ልብ ይሏል። በማግሥቱ በ1959 የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቁሞ በዲ.ዲ.ቲ. የቤት ርጭት ሰፊ ዘመቻ ተካሄደ።

ይህ ሁሉ ያለፈ ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ንግግር ባላስፈለገው ነበር። ነገር ግን የዓለም የጤና ድርጅት እንዳስታወቀው ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ድረስ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል፤ 1,157 ሰዎችም ሞተዋል። ዲ.ዲ.ቲ. ትንኟ ስለ ተላመደችው ከቤት ርጭት ወጥቷል፤ የተተኩትንም መድኃኒቶች ትንኟ በየተራ መልመዷ አልቀረም። እንግዲህ ሌላ መንገድ መፈለጉ የቅንጦት ሐሳብ አይደለም።

የማምከን ሐሳብ

ሰውን የምትነክሰው ሴቷ ትንኝ ብቻ ናት፤ ደም የሚያስፈልጋት ለእንቁላሏ ነው። ወንዱ የሚኖረው የአበባና የተክል ጣፋጭ ፈሳሽ እየመጠጠ ነው። ሴቷ አብዛኛውን ጊዜ በሕይወቷ የምትዳቀለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የተቀበለችውንም ዘር በሰውነቷ አኑራ በየጊዜው ለምትጥለው እንቁላል ትጠቀምበታለች። ስለዚህ የመጀመሪያው ወንድ መካን ከሆነ የዕድሜዋ ሙሉ እንቁላል ሳይፈለፈል ይቀራል።

ይህን ባሕርይ መሣሪያ ለማድረግ ያሰበው አሜሪካዊው የነፍሳት ተመራማሪ ኤድዋርድ ኒፕሊንግ ነበር። በ1954 በኩራሳው ደሴት ላይ የከብትን ቁስል የሚበላ ትል የምትጥለውን ዝንብ በጨረር በመከኑ ወንዶች ማጥፋት ተቻለ። ብዙ ሳይቆይም ጨረር የሚሠራውን ሥራ በኬሚካል ለመሥራት ምርምር ተጀመረ። ኬሚካል ውድ የጨረር መሣሪያ አያስፈልገውም፤ አንድ ጎድጓዳ ሣህንና በልክ የተበጠበጠ ፈሳሽ ይበቃዋል። ትንኟ በፑፓ ደረጃ፣ ይኸውም እጭነቷን ጨርሳ ክንፍ ከማውጣቷ በፊት በውኃ ውስጥ ሳለች፣ በመድኃኒቱ ውስጥ ለተወሰነ ጊዜ ትነከራለች፤ ከዚያም ታጥባ ትለቀቃለች። ለዚህ ሥራ ስማቸው ከታወቁት ኬሚካሎች ቲዮቴፓና ቢሳዚር ዋነኞቹ ናቸው።

የዘዴው ስሌት

የዘዴውን ኃይል ለመረዳት ቀላል ስሌት ይበቃል። በአንድ ቀበሌ 10,000 ሴትና 10,000 ወንድ ትንኞች አሉ እንበል። እያንዳንዷ ሴት በሚቀጥለው ትውልድ በ5 ሴቶች ትተካለች እንበል። በየትውልዱ 90,000 መካን ወንዶች ቢለቀቁና ከጤነኞቹ እኩል ቢሻሙ፣ በመጀመሪያው ትውልድ ከ10 ሴቶች 9ኙ መካን ያገኛሉ። የቀሩት 1,000 ሴቶች በአምስት ሲባዙ 5,000 ይሆናሉ። በሁለተኛው ትውልድ መካኖቹ ከጤነኞቹ 18 እጥፍ ስለሚሆኑ ሴቶቹ ወደ 1,316 ይወርዳሉ፤ በሦስተኛው ወደ 95፤ በአራተኛው ከአንድ በታች ይሆናሉ።

አሁን በየትውልዱ ከመቶው 90 የሚገድል መርዝ እንውሰድ። የመጀመሪያው ውጤት ያው 5,000 ነው። ቀጥሎ ግን 2,500፣ ከዚያ 1,250፣ ከዚያም 625 ይሆናል። ልዩነቱ የሚመጣው ትንኟ እየሳሳች በሄደች መጠን የመርዙ ድርሻ ባለበት ሲረጋ የመካኖቹ ብልጫ ግን እየጨመረ ስለሚሄድ ነው። ስለዚህ መርዝ ብዙ ባለበት፣ ማምከን ደግሞ ጥቂት በቀረበት ጊዜ ይበረታል።

ይሁን እንጂ ስሌቱ አንድ የተሰወረ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ቀበሌው የተዘጋ መሆን አለበት። ከውጭ በየትውልዱ 500 የተዳቀሉ ሴቶች ቢገቡ እነዚህ መካን ወንድ አያስፈልጋቸውም፤ ጤነኛውን ዘር ይዘው መጥተዋልና። ልጆቻቸው በየትውልዱ 2,500 ይጨመራሉ። በዚህ ጊዜ ቁጥሩ ወደ ዜሮ መውረዱ ቀርቶ 3,000 ገደማ ላይ ረግቶ ይቆማል። መካን መልቀቁ ለዓመታት ቢቀጥል እንኳ ከዚያ በታች አይወርድም።

በመስክ የታየው ውጤት

ስሌቱ በመስክ ተፈትኗል። በ1972 በኤል ሳልቫዶር በአፓስቴፔኬ ሐይቅ አካባቢ በቢሳዚር የመከኑ 4.36 ሚሊዮን የወባ ትንኞች በአምስት ወር ገደማ ውስጥ ተለቀቁ። የመስኩ ስፋት 15 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። የትንኟ ብዛት ሊገኝ ከሚችል መጠን በታች ወረደ። ሐይቁ ከሌሎች የትንኝ መራቢያዎች የተነጠለ መሆኑ ለውጤቱ ትልቅ ድርሻ ነበረው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ሥራው ወደ ሰፊው የፓስፊክ ጠረፍ ተዛውሮ በቀን እስከ አንድ ሚሊዮን መካን ወንድ ማምረት ተቻለ። ሆኖም ከዳር እየበረሩ የሚገቡ የተዳቀሉ ሴቶች የተገኘውን ድል አዳከሙት። በወረቀት ላይ የታየው የ500 ሴቶች ችግር በጠረፉ ላይ ተፈጸመ ማለት ነው።

የአፍሪካ የመጀመሪያው ሙከራ ሌላ ትምህርት ሰጠ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ዛሬ ቡርኪና ፋሶ በምትባለው አገር፣ በፓላ መንደር፣ ከሁለት ተቀራራቢ ዝርያዎች የተዳቀሉ መካን ወንዶች ተለቀቁ። ወንዶቹ መካን መሆናቸው እውነት ነበር፤ የመንደሩ ሴቶች ግን አልተቀበሏቸውም። ከዚህ የተነሣ የሚለቀቀው ወንድ ከአካባቢው ትንኝ ጋር በዝርያና በጠባይ መስማማት እንዳለበት ታወቀ። ለኢትዮጵያ ይህ ማለት ዋነኛዋን የወባ አስተላላፊ አኖፊለስ አረቢየንሲስን ራሷን ማርባት ማለት ነው።

ሦስተኛው ትምህርት ከሕንድ የመጣ ነው። የዓለም የጤና ድርጅትና የሕንድ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት በዴልሂ ባቋቋሙት ክፍል ትንኞችን በቲዮቴፓ እያመከኑ የመልቀቅ ጥናት ተካሂዷል። በ1975 ግን ጥናቱ ለጦር መሣሪያ ነው የሚል ክስ በጋዜጦችና በፓርላማ ተነሥቶ ሥራው ተቋረጠ። ክሱ እውነት ሆነም ሐሰት፣ ሕዝቡ ያልተረዳው ሥራ ከመንገድ እንደሚቀር አሳይቷል። ደንቢያ ላይ ለገበሬው ትንኝን ለማጥፋት ትንኝ ሊለቀቅ ነው ማለት ምን ዓይነት ጥያቄ እንደሚያስነሣ መገመት አያዳግትም። ያን ጥያቄ በቅድሚያ በአክብሮት መመለስ የሥራው አንድ ክፍል ነው።

ኬሚካሉ ለምን ተተወ?

ቲዮቴፓ በሆስፒታል ለካንሰር የሚሰጥ መድኃኒት ነው። የካንሰርን ሕዋስ እንዳይከፈል የሚያደርገው ጠባዩ የትንኟንም ዘር ያበላሻል፤ በጥንቃቄ ካልተያዘ ግን የጤነኛውን ሰው ዘር ለመንካት አይመለስም። ቢሳዚርም ቢሆን ከዚህ አደጋ ነፃ አይደለም። በየቀኑ ሚሊዮን ፑፓ የሚነከርበት ቤት ሠራተኞቹን፣ የፍሳሽ ውኃውንና በትንኟ ሰውነት የሚቀረውን ቅሪት መቆጣጠር አለበት። በ1972 የታተመ ጥናት በኬሚካል የመከኑ ትንኞችን እንዲበሉ የተደረጉ ሸረሪቶች የመራባት ችሎታቸው መጎዳቱን አመለከተ። ትንኝን ሸረሪትም፣ ወፍም፣ ዓሣም ይበላልና ጥያቄው በሸረሪት አያበቃም። በዚህ ምክንያት አብዛኛው ዓለም በትንኝ ላይም ቅሪት ወደማይተወው ወደ ጨረር ተመለሰ።

ኢትዮጵያም በዚሁ መንገድ ልምድ አላት፤ ልምዱ ግን የተገኘው በቆላ ዝንብ እንጂ በወባ ትንኝ አይደለም። በዛንዚባር የኡንጉጃ ደሴት ከ1994 እስከ 1997 ከ8 ሚሊዮን በላይ በጨረር የመከኑ ወንድ የቆላ ዝንቦች ተለቀው ዝንቡ ከደሴቱ ጠፋ። ኢትዮጵያም በደቡብ ስምጥ ሸለቆ ተመሳሳይ ሥራ ለመሥራት አስባ በ2007 በቃሊቲ የቆላ ዝንብ ማርቢያና ማምከኛ ማዕከል አስመረቀች። ኡንጉጃ ባሕር ይከባታል፤ ስምጥ ሸለቆው ግን ዙሪያው በር ነው። የሁለቱ ሥራ ክብደት የሚለያየው በዚህ ነው።

የአዘዞ ወሰን የት ነው?

አሁን ወደ አዘዞ እንመለስ። በጋ ሲበረታ ትንኟ ትሳሳለች፤ በወንዝ ዳርና በጥቂት ኩሬዎች ተወስና ትቆያለች። ማምከን ጥቂት በቀረበት ጊዜ እንደሚበረታ ከላይ ታይቷል። ስለዚህ ጊዜው ምቹ ነው ማለት ይቻላል፤ ቦታው ግን ምቹ አይደለም። ከአዘዞ በታች ያለው የደንቢያ ሜዳና የጣና ዳርቻ ረግረግ ሰፊ የትንኝ መፍለቂያ ነው። በመተማ መንገድ ደግሞ ወደ ሰሊጥ አጨዳ ወርዶ የሚመለሰው የቀን ሠራተኛ ተውሳኩን በደሙ ይዞ ይመጣል። በዚህ ስፍራ ዙሪያውን የሚዘጋ ባሕርም ሆነ በረሃ የለም።

የሙቀት ጉዳይም አለ። አደገኛው የወባ ተውሳክ በትንኟ ሰውነት ውስጥ ለመብሰል የሚወስድበት ጊዜ በሙቀት ይወሰናል። በተለመደው ቀመር 111 ለሙቀቱና ለ16 ዲግሪ ልዩነት ይካፈላል። በ20 ዲግሪ 28 ቀን ያህል ይፈጃል፤ በ21 ዲግሪ 22 ቀን፤ በ25 ዲግሪ 12 ቀን። ትንኟ 28 ቀን መኖሯ እጅግ ብርቅ ነው፤ 22 ቀን ግን የምትደርስበት ዕድሜ ነው። የደጋው መከላከያ እንግዲህ የሁለት ሦስት ዲግሪ ቅዝቃዜ ብቻ ነው። በ1958 ያ አጥር ተሰበረ። ወረርሽኝ ከተነሣ በኋላ መካን ወንድ መልቀቅ እንደማያድንም ከዚሁ ይታያል፤ ተውሳኩን የተሸከመችው ሴት ዛሬ በቤቱ ውስጥ ትነክሳለችና፣ የሚቀጥለው ትውልድ መምከኑ የዛሬውን ሕመምተኛ አይደርስለትም። ለዚያ ጊዜ ርጭት፣ አጎበርና ፈጣን ሕክምና ምትክ የላቸውም።

የማምከን ሐሳብ በአዲስ መልክ

የኬሚካል ማምከን ሐሳብ ፈጽሞ አልሞተም፤ መልኩን ለውጧል። ፓይሪፕሮክሲፌን የሚባል ኬሚካል የነፍሳትን የእድገት ሆርሞን ስለሚመስል አጎበር ላይ ሲነከር የነካችውን ሴት ትንኝ እንቁላል እንዳታፈራ ያደርጋል። ትንኝ ማርባትና መልቀቅ አያስፈልግም፤ ትንኟ ራሷ ወደ ማምከኛው ትመጣለች። በቡርኪና ፋሶ በ2018 የታተመ ጥናት ይህ አጎበር ከተለመደው ይልቅ የወባን ሕመም በ12 በመቶ እንደ ቀነሰ አሳየ። የዓለም የጤና ድርጅትም በ2023 ትንኟ የተለመደውን መድኃኒት በተላመደችበት ስፍራ ከተለመደው አጎበር ይልቅ ይህንን መጠቀም እንደሚቻል መክሯል። ሆኖም በታንዛኒያና በቤኒን በተደረጉት ሰፊ ጥናቶች ክሎርፈናፒር የተጨመረበት፣ ይኸውም ትንኟን የሚገድለው አጎበር፣ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። የመከነች ሴት እንቁላል አትጥል እንጂ መንከሷን አትተውምና ነገሩ አያስደንቅም።

የመሐንዲሱ ድርሻ

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ ግልጽ ነው። ማምከን፣ በኬሚካልም ሆነ በጨረር፣ ጥቂት በሆነና በተከለለ ቁጥር ላይ የሚሠራ የመጨረሻ መሣሪያ ነው። ቁጥሩን ጥቂት የማድረግና ወሰኑን የማጥበብ ሥራ ከእርሱ በፊት መሠራት አለበት። ይህም ሥራ በእጅጉ የውኃ ሥራ ስለሆነ ከዚህ ማኅበር አባላት እጅ አይወጣም።

የአረቢየንሲስ እጭ የሚወደው ጥልቁን ሐይቅ ሳይሆን ፀሐይ የሚያገኘውን ትንሽና ጊዜያዊ ኩሬ ነው። የከብት ኮቴ ያጎደጎደው ጭቃ፣ የጡብ ሠሪው ጉድጓድ፣ ለመንገድ ሙሌት አፈር የተወሰደበት ቦታ፣ ወንዝ ሲጎድል በዳር የሚቀረው ውኃ ሁሉ ለእርሷ ቤት ነው። 20 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ አንድ የአፈር መውሰጃ ጉድጓድ ክረምት ሲወጣ 200 ካሬ ሜትር የውኃ ገጽ ይሆናል። መንገዱ ተመርቆ ተቋራጩ ከሄደ በኋላ ጉድጓዱ ለመንደሩ በየመስከረሙ ትንኝ ያመርታል። በስሌቱ ውስጥ ከውጭ ይገባሉ የተባሉት 500 ሴቶች አንዳንድ ጊዜ የሚመጡት መሐንዲሱ ፈርሞ ከተረከበው ጉድጓድ ነው።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በትግራይ ከ1,800 እስከ 2,225 ሜትር ከፍታ ባላቸው ቀበሌዎች የተደረገና በ1999 የታተመ ጥናት፣ በአነስተኛ የመስኖ ግድቦች አጠገብ በሚኖሩ ሕፃናት ላይ ወባ ከግድብ ርቀው ከሚኖሩት ሰባት እጥፍ በዝቶ መገኘቱን አረጋግጧል። ግድቦቹ የተሠሩት ረሃብን ለመከላከል ነው፤ ዓላማቸው የተቀደሰ ነበር። ለጎንደር ውኃ የሚሰጠው የአንገረብ ግድብም ሆነ በመገጭ ላይ የተጀመረው ሥራ እንዲህ ካለው ሚዛን ውጭ አይደለም። ግድብ አይሠራ የሚል አስተዋይ አይኖርም፤ የጤናው ሒሳብ ግን ከሲሚንቶው ሒሳብ ጋር አብሮ በሰነዱ መግባት አለበት።

ስለዚህ አራት ነገሮች ለማኅበሩ ውይይት ይቀርባሉ። አንደኛ፣ አፈር የተወሰደበት ጉድጓድ ሁሉ የሥራ መኪናው ከቦታው ሳይነሣ እንዲሞላ ወይም መውረጃ እንዲበጅለት በውሉ ሰነድ ይጻፍ፤ ይህ ሳይፈጸም የመጨረሻው ርክክብ አይፈረም። ሁለተኛ፣ የመንገድ ቱቦ መውጫ በድንጋይ ይነጠፍ፤ ውኃው መሬቱን ቦርቡሮ ኩሬ እንዳያበጅ። ሦስተኛ፣ የመስኖ ቦይ ውኃ በሳምንት አንድ ጊዜ ተቋርጦ ቦዩ እንዲደርቅ ተደርጎ ይነደፍ፤ ከእንቁላል እስከ ክንፍ ያለው ዕድገት ከሳምንት በላይ ይወስዳልና። አራተኛ፣ በየግድቡ ንድፍ ላይ የወባ ባለሙያ አስተያየቱን ይስጥ፤ በተለይም የውኃው ልክ በየትኛው ወር በምን ፍጥነት እንደሚወርድ ከትንኟ የመራቢያ ወራት ጋር ተያይዞ ይወሰን።

የተከበራችሁ የማኅበሩ አባላት፤ አንድ ቀን በአዘዞ ሰማይ መካን ወንድ ትንኞች ይለቀቁ ይሆናል። ያ ቀን ቢመጣ የሚለቅቃቸው ባለሙያ አስቀድሞ የሚጠይቀው ሁለት ቁጥር አለ፦ ስንት ትንኝ ቀርቷል? ስንትስ ከውጭ ይገባል? በደንቢያ መንገድ ዳር ያለው ጉድጓድ ዛሬ ቢደፈን የሁለቱም ጥያቄዎች መልስ ያንሳል። ጉድጓዱን የሚደፍነው የሥራ መኪና ደግሞ በዚህ ዓመትም በመንገዱ ላይ እየሠራ ነው።